የማላይ ሰርግ፣ ገበያና ሙዚቃ ፎቶ ማንሳት፦ ምክር ያላችሁ?

ባለካሜራው ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ በጥምቀት ደግሞ ታቦት ሲወርድ። በቅርቡ ለስልጠና ማሌዥያ፣ ኳላ ላምፑር እሄዳለሁ፤ ሲያልቅ የሚተርፈኝን ቀን ይዤ በሰሜን ምሥራቅ እስካለው የኬላንታን ግዛት ድረስ መዝለቅ አስቤአለሁ። የመንትዮቹን ማማ ፎቶ ሁሉም አንስቶታል። እኔ የምፈልገው የማላዮቹን ኑሮ ነው፤ ሰርጋቸውን፣ ገበያቸውን፣ ሲጫወቱ ሙዚቃቸውን።

መንዝ ወይ አንኮበር ገጠር ስወጣ መጀመሪያ ጤና እጠይቃለሁ፣ ግባ ይሉኛል፣ የቀረበውን እቀምሳለሁ፣ ካሜራው ከዚያ በኋላ ነው የሚወጣው። እዚያ ግን ቋንቋውን አላውቅም። ሰው እንዴት ይቀረባል? ማታ ሙዚቃ ላይስ ያለ ፍላሽ ምን ላድርግ? የያዝኩት የ35 (ለቅርብ) እና የ85 (ለራቅ ያለ) ሌንስ ነው።

ኳላ የኖረች፦
እዚያ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ በደንብ ልንገርህ። መጀመሪያ ይሄን ያዝ፦ ማሌዥያዊ ሁሉ ማላይ አይደለም። ቻይናዊና ህንዳዊ የዘር ሐረግ ያላቸውም ብዙ ናቸው። ኳላ ላምፑር አጠገብ ባቱ ዋሻ ላይ የታይፑሳምን በዓል አንስተው «የማላይ ባህል» ብለው የሚለጥፉ አሉ፤ እሱ የታሚል ሂንዱዎች በዓል ነው። ማላዮቹ ሙስሊሞች ናቸው። ከተማው ውስጥ ኑሯቸውን ማየት ከፈለግክ ካምፑንግ ባሩ ሂድ። የእንጨት ቤቶቹ እስከ ዛሬ አሉ፣ ማማዎቹም ከኋላቸው ይታያሉ፣ እና ያለ ምንም ጥረት አሮጌውና አዲሱ በአንድ ፎቶ ይገባልሃል።

አቀራረቡ ለአንተ አይከብድህም። ቀኝ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ሰላም በል። ሴት እጇን ካልዘረጋች አንተ አትዘርጋ። ትልቅ ሴት ከሆነች «ማክቺክ»፣ ትልቅ ወንድ ከሆነ «ፓክቺክ» በል፤ እኛ እትዬ፣ ጋሼ እንደምንለው ነው። ከዚያ «ቦሌህ አምቢል ጋምባር?» በል፣ ፎቶ ላንሳ ወይ ማለት ነው። በጣት አትጠቁም፤ እነሱ እጃቸውን ጨብጠው በአውራ ጣት ነው የሚያመለክቱት። ዕቃም በቀኝ እጅ ስጥ፣ በቀኝ ተቀበል።

ሰርጉ ላይ ኒካሁ ሲታሰር ጥግህን ይዘህ ጸጥ በል። ከዚያ ሙሽራው በኮምፓንግ ከበሮ ታጅቦ ሲመጣ ወደፊት ብትወጣ ማንም አይቆጣህም። ሙሽሮቹ ባጌጠ መድረክ ላይ እንደ ንጉሥና ንግሥት ይቀመጣሉ፣ ዘመድ ተራ በተራ እየወጣ ይመርቃቸዋል። እሱን ሁሉም ያነሳዋል። እኔ የምወደው ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ነው፤ ትልልቅ ድስት ላይ ወጡን የሚያማስሉት ጎረቤቶች። ሰርጉ የሰፈር ነው፣ ሥራው በጋራ ነው፣ ልክ እንደኛ። እና ብላ! ሳትበላ ፎቶ ብቻ አንስተህ ከወጣህ ቅር ይላቸዋል።

የመሐል ሜዳው፦
እኔ ይሄ «መጀመሪያ ጠይቅ» የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። ጠይቀህ ያነሳኸው ሰው ይገተራል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ፊቱ ይለወጣል። ገበያ ላይ ሕይወት ያለው ፎቶ ሰው ሳያውቅ የተነሳው ነው። 85ቱን ይዘህ ራቅ ብለህ አንሳ።

የአሊዩ አምባ ልጅ፦
@የመሐል ሜዳው በዚህ አልስማማም። እኔ አርጎባ ነኝ። ገበያችን ላይ ቱሪስት መጥቶ ከሩቅ በረጅም ሌንስ እናቶቻችንን ሲያነሳ እያየሁ ነው ያደግኩት። እናቶቻችን ያውቁታል፣ ዝም የሚሉት ክርክር ጠልተው ነው። ጠይቆ ያነሳው ሰው ፎቶው የተገተረ ከሆነ አንድ አንስቶ ስለሄደ ነው። ይቀመጥ፣ ቡናውን ይጠጣ፣ ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ያንሳ።

የኬላንታን ዋና ከተማ ኮታ ባሩ ላይ የሲቲ ካዲጃ ገበያ አለ፣ በነቢዩ ባለቤት ስም የተሰየመ፣ ነጋዴዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ብርሃኑ ከጣሪያው ነው የሚወርደው፣ አትክልቱ ላይ ሲያርፍ በጣም ያምራል። ሁሉም ፎቅ ወጥቶ ቁልቁል ያነሳል። አንተ ውረድ፣ አንድ ነገር ግዛ፣ በ35ቱ ቅረብ። መስጊድ ከገባህ ደግሞ ጫማህን አውልቅ፣ በሚሰግድ ሰው ፊት አትለፍ። ኬላንታን የእረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ ፕሮግራምህን በዚያ አውጣ።

ማሲንቆ ወዳጅ፦
ሙዚቃውን ለእኔ ተውልኝ። ኬላንታን ለዚህ ትክክለኛው ቦታ ነው። ዲኪር ባራት ፈልግ፤ ሁለት መሪዎች ይዘፍናሉ፣ አንደኛው ግጥም እዚያው እየፈጠረ ይገጥማል፣ ከኋላቸው መሬት ላይ የተቀመጠው ቡድን እያጨበጨበና አንድ ላይ እየተወዛወዘ ይቀበላል። አንተም መሬት ቁጭ በል። ቆመህ ካነሳህ የምታገኘው አናት ብቻ ነው፣ የሰውንም እይታ ትጋርዳለህ። ጭብጨባው ዙር ስላለው ትንሽ ካዳመጥክ እጆቹ መቼ እንደሚነሱ ታውቃለህ።

ዋያንግ ኩሊት የሚሉት የጥላ ተውኔት ላይ ፍላሽ ጭራሽ እንዳታስበው፣ ጥላውን ያጠፋዋል። ከመጋረጃው ፊት ጥቂት ካነሳህ በኋላ አስፈቅደህ ወደ ኋላ ዙር። አሻንጉሊቶቹን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውም ድምፃቸውን የሚያወጣውም አንድ ሰው ነው፣ ዳላንግ ይሉታል፣ ሙዚቀኞቹም እዚያው ከኋላው ናቸው። ለእኔ ፎቶው ያለው እዚያ ነው። ድምፅ አልባ ሹተር ከተጠቀምክ የኤልኢዲ መብራት ፎቶው ላይ መስመር ሊያወጣብህ ይችላል። መብራታቸው እንደኛው 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍጥነቱን 1/50 ወይ 1/100 ላይ አድርገው፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ማክ ዮንግ ካገኘህ ሌላውን ሁሉ ተው። ዳንስም ዘፈንም ተውኔትም ነው፣ የንጉሡን ቦታ እንኳ በልማዱ ሴት ናት የምትጫወተው። ሲጀመር ተዋናይቷ ቁጭ ብላ ፊቷን ወደ ረባቡ አዙራ ትዘፍናለች። ረባብ የማሲንቆ ዘመድ ነው፣ በደጋን ይመታል፣ ግን ሦስት ክር አለው። እንቅስቃሴው ዝግ ያለ ስለሆነ በትንሽ ብርሃንም ይነሳል። ዩኔስኮ በ2005 እውቅና ሰጥቶታል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ የኬላንታን መንግሥት ግን ከ1991 ጀምሮ በአደባባይ እንዳይታይ ከልክሎት ቆይቶ በ2019 ነው በቅድመ ሁኔታ የፈቀደው። ስለዚህ የሴቶቹን ፊት ኢንተርኔት ላይ ከማውጣትህ በፊት እነሱን ጠይቅ። መዘዙ ለእነሱ ነው የሚተርፈው።

ኳላ የኖረች፦
አንድ ነገር ረስቼ። ደብረ ብርሃን ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገባ ነው ሌንስ ላብ የሚይዘው፣ እዚያ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከኤሲ ክፍል ስትወጣ። ካሜራውን በቦርሳ እንደተዘጋ አውጥተህ እስኪሞቅ ጠብቀው። ከኅዳር እስከ የካቲት ኬላንታን ዝናቡ ከባድ ነው፣ ጎርፍም አለ፣ ያኔ አትሂድ። ከፀሐይ መጥለቅ በኋላም እንዳትዘናጋ፣ ቶሎ ነው የሚጨልመው።

ባለካሜራው ከደብረ ብርሃን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው ያገኘሁት። ጉዞዬ ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ዝናቡ አያገኘኝም። 85ቱን እዚሁ ትቼ በ35ቱ ብቻ ልሄድ ነው። ፎቶውን አሳትሜ ለሰዎቹ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ኮታ ባሩ ውስጥ በአንድ ቀን የሚያትም ቤት የሚያውቅ አለ?