ጥቆማ፦ የጅጉርቲ ማሽላ ዘር ከየት ልውሰድ?

ጠያቂ (ከቃሉ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አምና የሚያዝያው ዝናብ ቀርቶብን የዘር ማሽላችንን ስለበላነው፣ ዘንድሮ ለሁለት ጥማድ የሚበቃ ጅጉርቲ እፈልጋለሁ። ያለኝ አማራጭ በብድር ሰጥቶ በመኸር ጥቂት ጭማሪ አክሎ የሚቀበለው የማኅበረሰብ ዘር ባንክ፣ የከተማ ሱቅ ወይም የሐይቅ ገበያ ነው። የሞከራችሁ ብትጠቁሙኝ።

ሐርቡ፦ ከሱቅ እንዳይገዙ። ስሙን ከማልጠራው ሱቅ በታሸገ ከረጢት የገዛሁት ዘር ሲሶው እንኳ ሳይበቅል ቀርቶ አቤት ልል ብሄድ፣ ባለሱቁ «መሬትዎ ነው» ብሎ ሸኘኝ፤ በሐምሌ ገልብጬ ጤፍ ዘራሁበት።

ጦሳ ሥር፦ የትኛው ሱቅ ነው?

ቆቦ፦ ጥፋቱ የሻጩ እንጂ የምርጥ ዘር አይደለም። ከሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የወጣው «ተሻለ» ዝናቡ ዘግይቶ በሐምሌ ቢዘራም ይደርሳል፤ ጅጉርቲ ግን ሚያዝያ ካለፈው ፍሬ ሳይቋጥር ዝናቡ ይወጣበታል።

ሐርቡ፦ የ«ተሻለ» አገዳ አጭር ነው፤ ላሜ ምን ትብላ? ያ ባለሱቅ ደግሞ ገንዘቤን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

የሐይቅ ልጅ፦ ከሐይቅ ገበያ፣ ከአንዲት እናት በቀር ከማንም አልገዛም። አምና ግማሹን ነቀዝ ቢበላውም እርሳቸውን የሚያህል ዘር ዐዋቂ የለም።

ከሚሴ፦ የባንኩ ጭማሪ ከወለድ አይቆጠርም ወይ?

ደሴ፦ የዘር ባንክ ከተነሣ፣ ብሔራዊው በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው ዘሩን በሚበላበት ጊዜ ባለሙያዎቹ የአገር ዘር እየዞሩ ያሰባስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ላይሲን የተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር በብዛት የተገኘውም ወተት በጉንጬን በመሰሉ የወሎ ማሽላዎች ላይ ነው።

ባቲ ሰኞ፦ ጠያቂው የሚዘራ ዘር ፈለገ እንጂ ለማትሪክ አልተቀመጠም።

ወረባቦ፦ ከየትም ቢወስዱ፣ መቶ ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሙቀት ባለበት ሳምንት ያቆዩት፤ ሰማንያና ከዚያ በላይ ከበቀለ ይዝሩት፣ ስድሳ ከሆነ መጠኑን ይጨምሩ። እኔ ባንኩን እመርጣለሁ፣ ዘሩ ከማን ማሳ እንደመጣ ስለሚታወቅና ባይበቅል የምንጠይቀው ጎረቤታችንን ስለሆነ ነው። በእኛ ባንክም የወለዱ ነገር ተነሥቶ፣ ጭማሪው ቀርቶ አባላት ለመጠባበቂያ በፈቃዳቸው እንዲሰጡ ተስማምተናል።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጥልኝ። መቶውን ፍሬ ማታ ጠቅልዬዋለሁ።

ጦሳ ሥር፦ ከየት የወሰዱትን? ሐርቡ፣ የሱቁንም ስም እየጠበቅሁ ነው።