ከአድማጭነት ወደ ድምፅ መጽሐፍ ሥራ መግባት፦ ጥሩ ድምፅ ይበቃል?

የማታ አድማጭ፦

ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። የድምፅ መጻሕፍትን ማዳመጥ ከጀመርሁ 8 ዓመት ሆኖኛል። በመጀመሪያ ዓይኔ ሲደክም ብቻ የምሸሽበት ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ጆሮዬ ያለ ተራኪ አይውልም፣ አያድርም። በዓይኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ የተውሁትን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ በጆሮዬ ስጨርሰው፣ የከበደኝ ታሪኩ ሳይሆን የረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች ማረፊያ የት እንደሆነ አለማወቄ እንደነበር ተረዳሁ፤ ተራኪው ትንፋሹን በቦታው ሲወስድ የእኔም ሐሳብ አብሮት ዐረፈ።

አሁን ይህን የምወደውን ነገር መተዳደሪያዬ ላደርገው አስቤአለሁ። ድምፄ እንደሚያምር የሚያውቁኝ ሁሉ ይነግሩኛል፤ ከዚህ የዘለለ ልምድ ግን የለኝም። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ሰዎች እንድትመልሱልኝ የምለምነው፣ ጥሩ ድምፅ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ የአንድ መጽሐፍ ቀረጻ በእውነቱ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራዬ ካደረግሁት በኋላ የማዳመጥ ደስታዬን አጣው እንደሆነ ነው።

ከማይኩ ፊት፦

በትረካ ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ያማረ ድምፅ አይጎዳም፤ ነገር ግን አድማጭን ለ10 ደቂቃ ያስደስተው እንደሆነ እንጂ 10 ሰዓት አያቆየውም። አድማጭን የሚያቆየው፣ ተራኪው የሚያነበው ዓረፍተ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ማወቁ ነው። በአማርኛ ደግሞ ሸክሙ ድርብ ይሆናል፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይምና። «ልጁ እዚህ አለ» የሚለውን «ለ»ን አላልተው ካነበቡት ልጁ ተናገረ ማለት ነው፤ አጥብቀው ካነበቡት ግን ልጁ በቦታው ይገኛል ማለት ይሆናል። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ የነገር ራስ ነው። «ሽፍታው ጠፋ» የሚለውስ? ስለ ጫካ ሰው ይሁን ስለ ቆዳ ሕመም የሚነግረን ከፊትና ከኋላ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ሳይወስን ሊያልፈው ይችላል፤ ድምፅ የሚያወጣ ሰው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል።

ስለዚህ ከቀረጻ በፊት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ የማይታለፍ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት አፍሬ ነው። በሁለተኛው ሥራዬ አንዱን ገጸ ባሕርይ 18 ምዕራፍ ሙሉ በቀጭን ድምፅ ካስነገርሁት በኋላ፣ በ19ኛው ምዕራፍ ደራሲው ድምፁ እንደ ወትሮው ጎርናና መሆኑን ጽፎ አገኘሁት። ያ ሰው የተናገረውን ሁሉ እንደገና ቀረጽሁ።

ጊዜን በተመለከተ በሙያው የሚቆጠረው «የተጠናቀቀ ሰዓት» ነው፤ ይህም ስሕተቱ ተለቅሞ አልቆ ለአድማጭ የሚደርሰው ድምፅ ርዝመት ማለት ነው። ለአንድ የተጠናቀቀ ሰዓት ማይክ ፊት ከ2 እስከ 3 ሰዓት መቀመጥ የተለመደ ሲሆን፣ አርትዖቱ፣ የእርማት ማዳመጡና የድምፅ ማስተካከሉ ሲደመሩበት 6 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የ10 ሰዓት መጽሐፍ የ60 ሰዓት ሥራ ነው። ክፍያው በተጠናቀቀ ሰዓት የሚታሰብ ከሆነ ጀማሪ ይህን ሒሳብ ሳያውቅ ውል ይፈርማል፤ እርስዎ አስቀድመው ያስሉት።

ጆሮ ጠባቂ፦

ከላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ ሆኖም ወደዚህ ሥራ መግቢያው ማይክ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ትክክል አይመስለኝም። እኔ የምሠራው የእርማት አድማጭነት ነው። ጽሑፉን ፊቴ ዘርግቼ ቀረጻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያዳመጥሁ፣ የተዘለለውን ቃል፣ የተሳተውን ጥብቀት፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ የሆድ ጩኸት ሳይቀር ከነደቂቃውና ከነሰከንዱ እመዘግባለሁ፤ ተራኪውም በዚያ ዝርዝር መሠረት የተበላሹትን መስመሮች ብቻ እንደገና ያነባል። 8 ዓመት ያዳመጠ ሰው ለዚህ ሥራ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ምን ጊዜ እንደሰለቸውና ለምን እንደሰለቸው ያውቃልና።

ቴክኒኩም ቢሆን የሚለመድ ነው። ለምሳሌ ኤሲኤክስ የተባለው የድምፅ መጻሕፍት ማዘጋጃና ማከፋፈያ መድረክ የእያንዳንዱ ፋይል አማካይ የድምፅ መጠን ከኔጌቲቭ 23 እስከ ኔጌቲቭ 18 ዲሲብል ባለው ውስጥ እንዲሆን፣ ከፍተኛው ጫፍ ከኔጌቲቭ 3 እንዳያልፍ፣ የክፍሉ የራሱ ጉምጉምታ ደግሞ ከኔጌቲቭ 60 በታች እንዲሆን ይጠይቃል። በቤታቸው የሚቀርጹ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በመጨረሻው ነው፤ እኛ ለምደነው የማንሰማውን የማቀዝቀዣ ድምፅ ማይክ ይሰማዋል። በነገራችን ላይ ባዶውን ክፍልም ለአንድ ደቂቃ ያህል መቅረጽ አይርሱ፤ በአርትዖት ጊዜ ክፍተቶቹ የሚሞሉት በእሱ ነው፤ በፍጹም ጸጥታ ከተሞሉ አድማጩ ስልኩ የጠፋበት ይመስለዋል።

ደስታውን በተመለከተ አልዋሽዎትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ለራሴ አንድም መጽሐፍ አዳምጬ አልጨረስሁም፤ ከታሪኩ ይልቅ የተራኪው ምራቅ ይሰማኝ ነበር። የተመለሰልኝ ሳህን ሳጥብ ማዳመጥ ስጀምር ነው፤ በአረፋ እጅ ማስታወሻ መያዝ አይቻልም።

የብሬል አንባቢ፦

ዓይነ ስውር ነኝ፤ የምሠራውም በአሳታሚ ድርጅት የመብት ክፍል ውስጥ ነው። የድምፅ መጽሐፍ ለብዙኃን መዝናኛ ከመሆኑ በፊት የእኛ ንባብ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934፣ በብሪታንያ በ1935 ለዓይነ ስውራን በሸክላ የተቀረጹ መጻሕፍት መሰራጨት የጀመሩ ሲሆን፣ የአሜሪካው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 15 ደቂቃ ያህል ስለነበር አንድ ልብ ወለድ ብዙ ሸክላ መገልበጥ ይጠይቅ ነበር። ከመጀመሪያው መላሽ ጋር በአንድ ነገር የምለየውም ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ ለየገጸ ባሕርይው የተለየ ድምፅ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ተራኪው ሲያለቅስልኝ እኔ የማለቅስበት ቦታ ይጠብብኛል። ጽሑፉን አጥርቶ፣ ጥብቀቱን ጠብቆ ያነበበልኝ ሰው ይበቃኛል።

ስለ መብት ደግሞ ይህን ይወቁ። የሕትመት መብትና የድምፅ መብት የተለያዩ ናቸው፤ መጽሐፉን ያሳተመ ሁሉ ሊያስተርከው ይችላል ማለት አይደለም፤ ውሉን ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የማራኬሽ ስምምነት በተቀበሉት አገሮች ለዓይነ ስውራንና ሕትመት ማንበብ ለሚሳናቸው ሰዎች የሚሆን ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ ያስችላል። ይህን ለገበያ የሚቀርብ ትረካ ፈቃድ አድርገው የሚከራከሩኝ ሰዎች አያለሁ፤ አይደለም። ለልምምድ ከሆነ የመብት ዘመናቸው ያለፈ መጻሕፍትን ይያዙ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ሊብሪቮክስ የተባለው የነፃ ድምፅ መጻሕፍት ድረ ገጽም የሚያስነብበው እነዚህኑ ብቻ ነው።

የማታ አድማጭ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ትናንት ማታ መብቱ ካለፈ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ መርጬ፣ ልብስ በሚሰቀልበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ ቀረጽሁ። 22 ደቂቃ የሚሆን ንባብ ለማግኘት 3 ሰዓት ፈጀብኝ። ዛሬ ጠዋት ጽሑፉን ይዤ ሳዳምጠው 14 ስሕተት መዘገብሁ፤ ዘጠኙ የጥብቀት ናቸው፤ ማስጠንቀቂያውን አንብቤ እንኳ «ዋናው ጉዳይ» የሚለውን የውኃ ዋና አድርጌዋለሁ። ያልጠበቅሁት ነገር ግን ከመቅረጹ ይልቅ ስሕተቱን መልቀሙ ደስ ያሰኘኝ መሆኑ ነው። ጆሮ ጠባቂን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የእርማት አድማጭ ድምፁን አፋጥኖ ማዳመጥ ይችላል?

ጆሮ ጠባቂ፦

በመጀመሪያው ዙር አያፋጥኑ፤ የምላስ ጠቅታና የተቆረጠ ትንፋሽ በፍጥነት ውስጥ ይደበቃሉ። እኔ የማፋጥነው እንደገና የተነበቡት መስመሮች በቦታቸው መግባታቸውን በማረጋግጥበት ጊዜ ብቻ ነው። ያንኑ ምዕራፍ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ዝርዝርዎን ሳያዩ እንደገና ያዳምጡትና ከ14ቱ ውጭ ስንት እንዳገኙ እዚሁ ይጻፉልን።