አሮጌ መርሴዲስ ለሚኒሶታ ክረምት፦ ገንዘባችሁን ምን ላይ ታውጡ?

ሰሞኑን ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ እየመጣብኝ ነው። «ያቺን የ80ዎቹን ትልቋን መርሴዲስ ክረምቱን ሙሉ ልንዳት ወይስ ልሽጣት?» እኔ አትሽጧት ባይ ነኝ። በየቀኑ ሥራ ታደርሳችኋለች። ግን ከበረዶው በፊት የሚደረግላት ነገር አለ፤ የትኛው ገንዘብ ይገባዋል፣ የትኛው ብር ማባከን ነው የሚለውን ልጻፍላችሁ።

የማወራው ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ስለምትነዳ ደብሊው 126 ነው። ከ1979 እስከ 1991 የተመረተችው ኤስ ክላስ ማለት ነው። ሊንከን ታውን ካር ወይም አሮጌ ካዲላክ የያዛችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል። ከባድ ከሆነችና የኋላ ጎማዋ ከሆነ የሚገፋት፣ ጣጣው ያው ነው።

ብርዱ አይገድላትም። የሚገድላት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ ሻንሲው ከተበላ ግን አለቀ። ስለዚህ በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያዋ ዶላር ለዝገት መከላከያ ትሁን።

ገበያው ላይ በብዛት የምታገኙት ሦስት ዓይነት ነው። ፍሉይድ ፊልም ከበግ ፀጉር ከሚወጣ ቅባት የሚሠራ ነው፤ በጣሳ ይሸጣል፣ ራሳችሁ ልትነፉት ትችላላችሁ። ክራውን የሚባለው የካናዳ ዘይት ደግሞ በየዓመቱ በባለሙያ ይረጫል። በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ የበሩን ሆድ ዕቃ ሳይቀር ያዳርሳል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ግን ይንጠባጠባል። ሦስተኛው ያ ጥቁር፣ ጎማ የሚመስለው ቅብ ነው። እሱን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ! ለአዲስ መኪና ምናልባት። ከ30 ዓመት በላይ የኖረ ላሜራ ላይ ግን ጨዋማውን ውሃ ውስጥ አፍኖ ይይዝና፣ ከላይ ንጹሕ መስሎ ከሥር ይበሰብሳል።

የእኔ ምርጫ ፍሉይድ ፊልም ነው፣ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ፣ መኪናዋ ከሥሯ ታጥባ በደንብ ከደረቀች በኋላ። ክራውን የሚረጭ ሰው ቅርባችሁ ካለና በጀርባ ተኝቶ መሥራት የማይመቻችሁ ከሆነ እሱም አሪፍ ነው። ማንም ይርጨው ማን፣ ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች፣ የፓራፋንጎውን ውስጥና የኋላ መስታወቱን የታች ማዕዘኖች እዩ። ከ1985 በኋላ የተሠሩት ጎናቸው ላይ ያለው ፕላስቲክ ከኋላው ብዙ ጉድ ይደብቃል፤ ተነቅሎ ይታይ። የፍሬን ቱቦዎቹ የዛጉ ከሆነም ክረምት ሳይገባ መዳብና ኒኬል በተቀላቀለበት ቱቦ አስቀይሯቸው፤ እሱ አይዝግም።

ማጠቢያ ስትመርጡ ዋጋውን ሳይሆን ከሥር የሚረጭ ውሃ መኖሩን ጠይቁ። ሳንቲም አስገብታችሁ ራሳችሁ የምታጥቡበት ቦታ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ይሻላል፤ ፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን ጭቃ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ሙቀቱ ከ32 ፋራናይት ከፍ ያለበትን ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ የበሩን ጎማዎች አድርቃችሁ ሲሊኮን ቀቧቸው፣ አለዚያ ጠዋት በሩ አይከፈትም። የሚሞቅ ጋራዥ ያላችሁም ጨው የተለወሰችን መኪና ሳታጥቡ እዚያ አታሳድሯት። ሙቀት ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ወደ ጎማ እንሂድ። ዓመቱን ሙሉ የሚነዳበት ጎማ ለዚህች መኪና አይሆንም። ብሪጅስቶን ብሊዛክ በረዶ ላይ አያያዙ ግሩም ነው፣ ግን የላይኛው ለስላሳ ክፍል ሲያልቅ ችሎታው ይወርዳል። ሚሽሊን ኤክስ አይስ ስኖ ዕድሜ አለው፤ በየቀኑ ሀይዌይ ለሚነዳ እሱን እመርጣለሁ። ኖኪያን ሃካፔሊታ የፊንላንዶች ነው፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የክረምት ጎማ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ የከተማው በረዶ ሳይጠረግ የሚወጣ የሌሊት ሠራተኛ ብሆን እሱን ነበር የምገዛው። ብረት ጥርስ ያለውን ግን እርሱት፤ ለሚኒሶታ ነዋሪ ክልክል ነው። አራቱንም ቀይሩ። ሁለት ከኋላ ብቻ ማሰር ፍሬን ስትይዙና ስትታጠፉ ፊቷ እንዲንሸራተት መፍረድ ነው።

የኋለኞቹ ሞዴሎች ጎማ 205/65 ባለ 15 ኢንች ነው፣ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ባለ 14 ናቸው፣ ለእነሱ የክረምት ጎማ ማግኘት ፈተና ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ከኋለኞቹ ሞዴሎች የወጣ ባለ 15 ቸርኬ ይገዛል። ኮስትኮ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ግን መኪናዋ ከመጣችበት መጠን ከወጣችሁ ላይገጥሙላችሁ ይችላሉ። ዲስካውንት ታየር ጎማ ሲበሳ በነፃ ስለሚጠግን ለእኔ ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው። ለክብደት ደግሞ ከሜናርድስ ወይም ከፍሊት ፋርም ባለ 60 ፓውንድ የአሸዋ ከረጢት ግዙ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ወደ ወንበሩ አስጠግታችሁ አስተኙት። ነዳጅ ታንከሯም ከኋላ ወንበር ጀርባ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው።

የጠዋቱን ማስነሳት በተመለከተ፣ በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት መግባቷን የምታስታውሱ አላችሁ። ዜሮ ፋራናይት ላይ እንኳ ባትሪ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ ያጣል። ሲሲኤው፣ ማለትም በብርድ ሞተር የማስነሳት ጉልበቱን የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ850 ያላነሰ ግዙ። የኮስትኮው ኢንተርስቴት ይረክሳል፣ ግን ራሳችሁ ናችሁ የምታስሩት። አውቶዞን ትንሽ ይወደዳል፣ በነፃ ይፈትሻሉ፣ ብዙውን ጊዜም ያስሩላችኋል። ጓንት አውልቆ በዚያ ብርድ ብሎን መፍታት ለማይፈልግ ሰው ልዩነቱ ያዋጣል።

ከባትሪው በላይ ግን የሞተር ማሞቂያው ነው ቁም ነገሩ። ናፍጣ የሆኑት ብዙዎቹ ከፋብሪካ አላቸው፣ ገመዱ ብቻ ነው የሚጎድለው፤ ኮፈኑን ክፈቱና ፈልጉት። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት የኤሌክትሪክ ሂሳብ ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። በሰዓት ቆጣሪ፣ ከመውጣታችሁ ሦስት ሰዓት ገደማ በፊት እንዲበራ አድርጉ። አፓርታማ ለምትኖሩና መሰኪያ ለሌላችሁ ዘይቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ለናፍጣው ሼል ሮቴላ ቲ6 5ደብሊው-40፣ ለቤንዚኑ ሞቢል 1 0ደብሊው-40። አንቲፍሪዙ ግማሽ በግማሽ ከሆነ እስከ ዜሮ በታች 34 ፋራናይት ይዘልቃል፤ መለኪያው ርካሽ ነው፣ ለኩት።

ናፍጣ ነጂዎች፣ የጭነት መኪና ከሚበዛበት ማደያ ቅዱ፣ እዚያ ነዳጁ ቶሎ ቶሎ ስለሚሸጥ በብርድ የሚረጋው የበጋው ናፍጣ አይጠብቃችሁም። ናፍጣው እንዳይረጋ የሚጨመረውን የፓወር ሰርቪስ ነጭ ጠርሙስ ከመቅዳታችሁ በፊት ጨምሩ። ቀዩ ነዳጁ ከረጋ በኋላ ለጭንቅ ቀን ነው፣ መኪና ውስጥ ይቀመጥ።

መካኒክ ላይ በስም አልጠቁምም፣ አንዱ ጋር ስለ ፍሬን ቱቦ ሄጄ መኪናዋን እንኳን ሳያነሳት «ጣያት» ብሎኛል። ስልክ ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የበር መቆለፊያዋ በቫኪዩም እንደሚሠራ ያውቃል ወይ? ግራ ከተጋባ ሌላ ፈልጉ።

ታርጋም ላይ ተጠንቀቁ። 20 ዓመት ላለፈ መኪና የሚሰጠው የኮሌክተር ታርጋ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፣ ግን ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ መኪና አይሆንም። እንደ ሃገርቲ ያሉት የክላሲክ ኢንሹራንሶችም በየቀኑ ሥራ የሚኬድባትን አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም። ተራ ታርጋና ተራ ኢንሹራንስ ያዙ፣ ሲገዙ ግን በስምምነት የተወሰነ ዋጋ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ። አለዚያ አደጋ ሲደርስ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ነው የሚገምቷት።

ዱሉዝና ሮችስተር ያላችሁ፣ ለባለ 14ቱ የክረምት ጎማ ከየት እንደምታገኙና ከሥር በደንብ የሚረጭ ሰው የምታውቁ ከሆነ ከነዋጋው ጻፉልን። ኦክቶበር ሳያልቅ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመናል።