ጉልበታሙን መኪና ማን ይግታው? ክርክር ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከዲሲ

አቅራቢው፦ የዛሬው ጉዳይ የቨርጂኒያ ሕግ ነው፤ ሜሪላንድና ዲሲ የምንኖረውም በዚያው መንገድ ስለምንመላለስ ይመለከተናል። በ2025 የጸደቀ ሕግ አለ። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ሲነዳ ተይዞ የተፈረደበትን ሰው፣ ዳኛው መኪናው ላይ የፍጥነት መገደቢያ እንዲያስገጥም ሊያዘው ይችላል። የሚጀምረው ጁላይ 1 ቀን 2026 ነው። መሣሪያው ያለህበትን መንገድ በጂፒኤስ ያውቃል፤ የመንገዱን ገደብም ከካርታ ያነባል። ከዚያ በኋላ ብትረግጠውም ከገደቡ አያሳልፍህም። ጥያቄዬ ይኸው፦ ይህ ነገር ለተፈረደበት ብቻ ይሁን? ወይስ ጉልበታም መኪና ሁሉ ከፋብሪካ ተገጥሞለት ይውጣ?

የሄልካት ባለቤት፦ ለተፈረደበት ይሁን፣ እስማማለሁ። ለሁሉም ከተባለ ግን እቃወማለሁ። መኪናዬ ሄልካት የምትባል የዶጅ መኪና ናት፤ ከ700 በላይ የፈረስ ጉልበት አላት። ለፍቼ የገዛኋት ናት። ቤልትዌይ፣ ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ የምሄደው ከጎኔ ያለው ካምሪ በሚሄድበት ፍጥነት ነው። ጉልበት ስላለኝ ብቻ ለምን እጠረጠራለሁ? ደግሞ ስለ ገደቡ ራሱ እንነጋገር። ቤልትዌይ አብዛኛው ቦታ 55 ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን በ55 የሚሄድ ሰው አሳዩኝ። እዚህ አገር መሐንዲሶች ገደብ ሲያወጡ ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ ከ100 ነጂ 85ቱ የማያልፉት ፍጥነት ነው። በዚህ ስሌት 55 ከየት መጣ? ሁሉም በ68 ሲሄድ አንተ ብቻ በ55 ብትጎተት ሌላ አደጋ ትፈጥራለህ።

አስተርጓሚዋ፦ ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ውስጥ በአማርኛ አስተረጉማለሁ። የግለሰብ ጉዳይ አላነሳም። ግን በዚህ ጉዳይ የሚመጣ የእኛ ልጅ ብዙ ጊዜ «ቲኬት ነው፣ ከፍዬ እሄዳለሁ» ብሎ ነው የሚገባው። እዚያ ሲደርስ የተከሰሰው በወንጀል መሆኑን ይሰማል። በቨርጂኒያ ከገደቡ 20 ማይል ካለፍክ፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ካለፍክ፣ ሬክለስ ድራይቪንግ፣ ማለትም በግዴለሽነት የመንዳት ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። መንጃ ፈቃድህም እስከ 6 ወር ሊታገድ ይችላል። እስቲ አስቡት፦ አይ 81 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ 70 በተጻፈበት ቦታ 86 ብትሄድ ከገደቡ ያለፍከው 16 ማይል ብቻ ነው። ወንጀል ለመሆን ግን በቂ ነው። ከ2020 በፊት ደግሞ ወሰኑ 80 ነበር። ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ድልድዩን ወደ ቨርጂኒያ ሲሻገር ሕጉ እንደሚቀየር አያስብም። ራዳር ዲቴክተር፣ የፖሊስን ራዳር የሚጠቁም መሣሪያ ገዝቶ የሚመጣም አለ፤ እሱ ራሱ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ክልክል ነው።

የሄልካት ባለቤት፦ እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን የኔን ሐሳብ ነው የሚያግዘው። ሕጉ እንዲህ ጠንካራ ከሆነ ማሽኑ ለምን አስፈለገ? አዋቂ ሰው ነኝ፤ የሚያስከትለውን አውቄ ራሴን እገዛለሁ።

የቴስላ ኡበር ነጂ፦ እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። «ራሴን እገዛለሁ» የምትለው ፍጥነቱ ሲሰማህ ነው። የድሮዋ ኮሮላዬ 75 ስትደርስ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፣ መሪው እጅህ ላይ ይርገበገባል። ሳትፈልግም ቀነስ ታደርጋለህ። የአሁኗ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ ከዜሮ 60 ለመድረስ 3 ሰከንድ አይፈጅባትም። ድምፅ የላትም። ተሳፋሪ ጋር እያወራህ፣ ሃይዌዩን ተቀላቅለህ ዓይንህን ወደ ስክሪኑ ስትመልስ 84 ይላል። ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም፤ ሰውነትህ አልነገረህም። የጉልበታም መኪና ችግሩ ይህ ነው። ገደቡን በስሜት መጠበቅ አይቻልም፤ ከመነሳትህ በፊት መወሰን አለብህ። እኔ መኪናው ላይ ስፒድ ሊሚት ሞድ የሚባለውን ከፍቼ፣ በቁጥር ቆልፌ ነው የምሠራው። ከ50 እስከ 120 ማይል ባለው መካከል ትመርጣለህ። አነሳሱን ደግሞ ቺል በሚባለው ዝግ ያለ ምርጫ ላይ አድርጌዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። መንጃ ፈቃዴ እንጀራዬ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ሁላችሁም ስለ ሃይዌይ ታወራላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ጆርጂያ አቬኑ ነው። እሑድ ጠዋት እናቶቻችን ነጠላቸውን ለብሰው ከአውቶቡስ ወርደው ይሻገራሉ። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። አረንጓዴ ሲበራ እነዚህ ትልልቅ ሞተሮች ከመብራት መብራት ይወረወራሉ። የትሪፕል ኤ፣ የአሜሪካ የመኪና ነጂዎች ማኅበር የጥናት ድርጅት በ2011 ያወጣው ቁጥር አለ። እግረኛ በ23 ማይል ፍጥነት ከተመታ የመሞት ዕድሉ ከ100 አሥር ገደማ ነው። በ42 ማይል ግማሽ በግማሽ ይሆናል። በ58 ከ100 ዘጠና ይሞታል። ለዕድሜ ባለጸጋ ከዚህም ይከፋል። ዲሲ በ2020 የሰፈር መንገዶቹን ከ25 ወደ 20 ያወረደው ለዚህ ነው። «5 ማይል ምን ያደርጋል» የሚለውን ሰው በጣም እቃወመዋለሁ። ያ 5 ማይል የአንድ ሰው እናት ናት።

የሄልካት ባለቤት፦ በሰፈር መንገድ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ፣ እናቴ። እዚያ የሚወረወር ሰው መኪናው ቢወሰድበትም አልከራከርም።

የፍራንክፈርቱ፦ ከሩቅ ልግባ። ጀርመን ገደብ የሌለበት አውራ ጎዳና አለ እየተባለ በየክርክሩ ስሟ ይነሳል። አዎ፣ አብዛኛው አውቶባን ቋሚ ገደብ የለውም። ግን ከ1978 ጀምሮ 130 ኪሎ ሜትር የሚመከር ፍጥነት ነው። ከዚያ በላይ ስትሄድ አደጋ ቢደርስ፣ ጥፋቱ የሌላው ቢሆን እንኳ ከኪሳራው ድርሻ ሊጫንብህ ይችላል። በቀኝ በኩል መቅደም ክልክል ነው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ትከፍላለህ። መኪናህ በየጊዜው ይመረመራል። ይህን ሁሉ ትታችሁ ፍጥነቱን ብቻ አትውሰዱ።

ስለ መሣሪያው ግን ጥንቃቄ እላለሁ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ አዲስ የሚመዘገብ መኪና ሁሉ የፍጥነት ረዳት ይዞ ነው የሚመጣው። ነጂው ጠንከር አድርጎ በመርገጥ ሊያልፈው ይችላል፤ ማጥፋትም ይቻላል። መኪናውን እንደገና ስታስነሳ ይበራል። ታዲያ አንዳንዴ የመውጫውን ምልክት ያነብና አውራ ጎዳና ላይ እያለህ 60 ነው ይልሃል። ካርታው ሲያረጅም ይሳሳታል። እንዲህ የሚሳሳት ነገር ነጂው ሊያልፈው በማይችል መንገድ ከተገጠመ፣ ከባድ መኪና ከኋላህ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ? ያስጠንቅቅ፤ በግድ አይያዝ።

የሄልካት ባለቤት፦ የካሊፎርኒያ ምክር ቤትም መኪናው ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲያሰማ የሚያዝ ሕግ አጽድቆ ነበር። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በ2024 አልፈርምም ብሎ መለሰው።

ጋሽ መካኒክ፦ ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ሞተር ነው የምታወሩት። ስለ ማቆም ላውራ። ሞተሩ 150 ይሁን 700፣ መንገዱን የሚነካው አራት ጎማ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት በዚያው ልክ አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው የሚጨምረው። ከ70 ወደ 100 ስትወጣ እጥፍ ይሆናል። በ100 ማይል በአንድ ሰከንድ ውስጥ 147 ጫማ ትሄዳለህ። አደጋውን አይተህ እግርህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ብንል፣ 220 ጫማ ሄደሃል። ፍሬኑ ገና ሥራ አልጀመረም። ሌላው ነገር ጊዜ ነው። 20 ማይል መንገድ በ55 ስትሄድ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በ75 ብትሄድ 16። ያተረፍከው 6 ደቂቃ ነው፤ እሱንም መውጫው ላይ ያለው መብራት ይወስደዋል። በ2023 እዚህ አገር ፍጥነት ባለበት አደጋ 11,775 ሰው ሞቷል።

የሄልካቱ ልጅ ይሰማኛል ብዬ ልናገር። መኪናህ ጥሩ መኪና ናት። ጉልበቷን የምታሳይበት ቦታ ግን ቤልትዌይ አይደለም። ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት የሚባል የውድድር ሜዳ አለ። አስተማሪ አጠገብህ ይቀመጣል፣ እግረኛ የለም፣ ተቃራኒ መኪና የለም። እዚያ ውሰዳት።

የሄልካት ባለቤት፦ እሺ ጋሼ፣ እመዘገባለሁ። በፊዚክሱ አልከራከርም። ግን አቋሜ አልተቀየረም። መንግሥት በግድ መኪናዬ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

አስተርጓሚዋ፦ መንግሥት አሁንም ገብቷል እኮ፤ የሚገባው ግን ዘግይቶ፣ በፖሊስና በዳኛ በኩል ነው። እኔ ከሁለቱ መሣሪያውን እመርጣለሁ። ወንድማችን ከፍራንክፈርት እንዳለው በአስቸኳይ ጊዜ የሚያልፉበት መንገድ ይኑረው። ስድስት ወር መንጃ ፈቃድ ያጣ የቤተሰብ አባት ሥራ እንዴት ይሄዳል? መሣሪያው ቢያንስ እየነዳ ሥራው እንዲቆይ ያደርገዋል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ጋሼ፣ እኔ ሕጉን አልጠብቅም። የ18 ዓመት ልጄ ከአጎቱ ሙስታንግ ሊረከብ ነው። ለእሱም እንደ ቴስላው ዓይነት ነገር አለው?

ጋሽ መካኒክ፦ ብዙ ፎርዶች ላይ ማይኪ የሚባል አለ። አንዱን ቁልፍ ለልጁ ታስመዘግቢዋለሽ። ከፍተኛውን ፍጥነት 65፣ 70፣ 75 ወይም 80 ላይ ታስሪዋለሽ። በዚያ ቁልፍ ሲነዳ ማስተካከያውን ማንሳት አይችልም፤ የሚነሳው ባንቺ ቁልፍ ነው። የራሱን ቀበቶ ካላሰረ ሬዲዮውም አይከፈትለትም። መጀመሪያ የመኪናው ዓመት ይታይ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ቅዳሜ ላምጣት?

ጋሽ መካኒክ፦ አምጪያት። ሁለቱንም ቁልፍ ያዢ፤ በአንድ ቁልፍ አይሠራም። ልጁም አብሮሽ ይምጣ፣ ተደብቆ የሚሠራ ነገር አይደለም።