ለ23 ዓመት ልጄ ሥራ ፍለጋ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (እናት)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 23 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለበት ያወቅነው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ትምህርቱን እስከቻለው ድረስ ተከታትሎ ካቆመ ወዲህ ውሎው ቤት ሆኗል። ንግግሩ ከሁለትና ከሦስት ቃል አያልፍም፤ ያነበበውን ግን በደንብ ይረዳል። በየሳምንቱ ቤት ያለውን መድኃኒትና የታሸገ ዕቃ ሁሉ ከመደርደሪያ ያወርድና አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ቀን አንድ በአንድ እያነበበ፣ ቅርቡን ከፊት ሩቁን ከኋላ አድርጎ መልሶ ይደረድረዋል። ቀኑ ያለፈበትን ለይቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥልኛል። ማንም አላስተማረውም፤ ሲሳሳትም አላየሁም።

የሚያስቸግረው ጫጫታና ድንገተኛ ለውጥ ነው። አንድ ድርጅት አመልክተንለት ለቃለ መጠይቅ ተጠራ፤ «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉት ዝም አለ፤ በዚያው ተሰናበትን። ሌላ ቦታ ደግሞ «ይምጣና ይዋል፤ ለትራንስፖርት የሚሆን እንሰጠዋለን» ብለውናል።

እንደ እርሱ ያሉ ልጆች ያሉን ጥቂት ወላጆች ተሰብስበን እየተመካከርን ነው። ገሚሱ የራሳችንን ማምረቻ ከፍተን ልጆቻችንን በአንድነት እናሠራ ይላል። ገሚሱ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይቀጠሩ ባይ ነው። የትኛው ይሻላል? ቃለ መጠይቅ ለማይሆንለት ሰውስ የሥራ በር በምን ይከፈታል?

መልስ (የሥራ ድጋፍ ባለሙያ)፦

እህቴ፣ ልጅዎ ቤት ውስጥ የሚያደርገው በመድኃኒት መጋዘንና በትልልቅ የሸቀጥ ማከማቻዎች ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ እንዲወጣ ዕቃን በቀኑ መደርደር ብዙ ሠራተኛ የሚሰለቸው፣ በስልቹነትም የሚሳሳትበት ተግባር ነው። ስለዚህ አሠሪ ዘንድ ሲሄዱ «ልጄን ተቀበሉልኝ» አይበሉ፤ «ቀን ያለፈበት ዕቃ ምን ያህል ያስቸግራችኋል?» ብለው ይጠይቁ። ከእርሱ በኋላ ስለ ልጅዎ መናገር ይቀላል።

ቃለ መጠይቁን እንዲያልፍ በማሠልጠን ጊዜ አታጥፉ። ቃለ መጠይቅ በአመዛኙ የሚለካው ከማያውቁት ሰው ጋር የማውራት ችሎታን ነው፤ መደርደሪያው ግን ወሬ አይፈልግም። በቃለ መጠይቁ ፋንታ የሙከራ ሥራ ይጠይቁ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ቶርኪል ሶነ የተባለ ዴንማርካዊ ልጁ ኦቲዝም ስላለበት ስፔሻሊስተርነ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ፣ አመልካቾችን በወሬ ሳይሆን በተግባር ሥራ መመዘን ጀመረ፤ ሮቦት ገጣጥሞ ማንቀሳቀስ ሳይቀር ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነበር። ኤስኤፒ የተባለው የጀርመን የሶፍትዌር ኩባንያ በ2013፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2015 ተመሳሳይ የቅጥር መንገድ ጀምረዋል። እነዚህን ምሳሌ ስጠቅስ ግን አንድ ነገር ይሰማኛል፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ መሆን የለበትም። መጋዘን ውስጥ ጠንቅቆ የሚሠራ ሰውም እኩል ሊከበር ይገባዋል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ «መጀመሪያ ይሠልጥን፣ ሲበቃ ይቀጠራል» የሚለው አካሄድ ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ወጣቶች ለዓመታት ማሠልጠኛ ሲመላለሱ «የሚበቁበት» ቀን ሳይመጣ ቀርቷል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች አንድ ቦታ የተማሩትን ወደ ሌላ ቦታ ማሸጋገር ይከብዳቸዋል፤ የማሠልጠኛው መደርደሪያና የመጋዘኑ መደርደሪያ ለእነርሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የድጋፍ ቅጥር ስልት ይህን ገልብጦታል፦ መጀመሪያ ይቀጠር፣ ሥልጠናው እዚያው ሥራው ላይ ይሁን። አሠልጣኝ አብሮት ይገባል፤ ሥራውን በትንንሽ ደረጃ ይከፋፍለዋል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይርቃል።

መራቁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መታቀድ አለበት። አሠልጣኙ ጆሮው ሥር ቆሞ «አሁን ይህን፣ አሁን ያንን» ካለው፣ ልጁ የሚማረው ሥራውን ሳይሆን ድምፁን መጠበቅን ነው። እኔ በተቻለ መጠን አፌን ዘግቼ እሠራለሁ። የደረጃዎቹን ሥዕል መደርደሪያው ጎን እለጥፋለሁ፤ ሲቆም በጣቴ ወደ ሥዕሉ አመለክታለሁ፤ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል። እኔ ስወጣ ሥዕሉ እዚያው ይቀራል።

መልስ (ማምረቻ ከከፈቱ ወላጆች አንዱ)፦

ባለሙያው ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የእኔ ልጅ ፈጽሞ አትናገርም፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ሰው ያስፈልጋታል። በየመሥሪያ ቤቱ በር አንኳኩተን የከፈተልን አላገኘንም። ስለዚህ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነን የካርቶን ማሸጊያ የሚያጥፍና የሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ከፈትን። ዛሬ ልጄ ጠዋት የሥራ ልብሷን ራሷ አምጥታ ትሰጠኛለች። ይህን እንደ ሽንፈት የሚያይ ሰው ካለ አልስማማም።

ግን እህቴ፣ ልትከፍቱ ከሆነ እንደ ንግድ ክፈቱት። ደንበኛ አንድ ጊዜ በሐዘኔታ ይገዛል፤ ሁለተኛ የሚመለሰው ዕቃው ጥሩ ሲሆን ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከወላጆቹ መካከል አይሁን፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቅጠሩ፤ አለበለዚያ የየልጆቻችን ጉዳይ ስብሰባውን ሁሉ ይበላዋል። ቦታውም ለሌላ ሰው የተዘጋ አይሁን፤ እኛ ዘንድ ኦቲዝም የሌለባቸው ሠራተኞችም አሉ፣ ደመወዙ በሥራው እንጂ በሰውየው አይለያይም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ራይዚንግ ታይድ የሚባል የመኪና እጥበት ድርጅት የከፈቱት አባትና ልጅም ኦቲዝም ላለበት የቤተሰባቸው አባል ሲሉ ነው የጀመሩት፤ አብዛኞቹ ሠራተኞቻቸው ኦቲዝም ያለባቸው ናቸው። መኪና አጣጠቡን በግልጽ ደረጃዎች ከፋፍለው፣ ማንኛውም ደንበኛ ለሚከፍልበት አገልግሎት አዋሉት።

መልስ (የሠራተኛ መብት ጉዳዮችን የምትከታተል)፦

«ይምጣና ይዋል» ለሚለው በቀጥታ ልመልስ፦ አይቀበሉ። የሙከራ ሥራ ከሆነ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሚሠራው ሥራ ዝርዝር፣ በመጨረሻም ማን እንደሚወስን በጽሑፍ ይስፈር። ሥራው ከተሠራ ደመወዙ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው። የትራንስፖርት ገንዘብ ደመወዝ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 ሰው በነፃነት በመረጠው ሥራ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ የሥራ ገበያ የመተዳደር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የስምምነቱ ኮሚቴ በ2022 ባወጣው ማብራሪያ ደግሞ አካል ጉዳተኞችን ለብቻ ሰብስቦ የሚያሠራ ማምረቻ የዚህ መብት መሟላት ተደርጎ እንደማይቆጠር ገልጿል። ከላይ የጻፉት ወንድሜ ግን ሌሎችንም ቀላቅለው በእኩል ደመወዝ ስለሚያሠሩ ነገሩ ይለያል። እናንተም ስትመካከሩ «የራሳችን ወይስ የሌላ» ከማለት ይልቅ ይከፈላቸዋል ወይ፣ ከሌላ ሰው ጋር ይሠራሉ ወይ፣ መልቀቅ ሲፈልጉ መልቀቅ ይችላሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

መልስ (ኦቲዝም ያለበት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ)፦

እኔ ራሴ ኦቲዝም አለብኝ፤ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። እስካሁን ከተጻፈው ያላየሁት አንድ ነገር አለ፦ ልጅዎ ራሱ ምን ይላል? መደርደር ይወዳል ማለት ለሌላ ሰው መደርደር ይፈልጋል ማለት አይደለም። ስለሚያነብ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ የሁለት ቦታ ፎቶግራፍ አቅርበው እንዲመርጥ ያድርጉ። ቦታውንም ባዶ በሆነበት ሰዓት አስቀድሞ ይየው።

እኔን ሥራው ከብዶኝ አያውቅም። የሚከብደኝ የምሳ ሰዓት ነው። ጠረጴዛ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ፣ ሳህን ሲጋጭ፣ ወንበር ሲጎተት ሁሉም ድምፅ እኩል ይመጣብኛል፤ የትኛውን መስማት እንዳለብኝ መለየት ያቅተኛል። ከምሳ ስመለስ ጠዋት ሁሉ ከሠራሁት በላይ ደክሜ እገኛለሁ። አሁን አለቃዬ በሌላ ሰዓት ለብቻዬ እንድበላ ፈቅዳለች። ምንም ወጪ አልጠየቀም። የልጅዎን የሥራ ቦታ ስታዩ ስለ ሥራው ብቻ አትጠይቁ፤ የት ይበላል፣ የት ይቀመጣል፣ መጸዳጃ ቤቱ የሚጮኽ የእጅ ማድረቂያ ማሽን አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ትእዛዝም እንዲሁ። «ቶሎ ጨርስና ሌላ ነገር ሥራ» ሲሉኝ እቆማለሁ፤ ቶሎ ስንት ሰዓት ነው? ሌላው ነገር የቱ ነው? «እስከ 10 ሰዓት ይህን ሣጥን ጨርስ፤ ከዚያ ቁጥር 4ን ክፈት» ሲሉኝ ግን ማንም አይቀድመኝም። ዴሚየን ሚልተን የተባለ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው፤ እኛ ኦቲዝም የሌለባቸውን ሰዎች መረዳት እንደሚያቅተን እነርሱም እኛን መረዳት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ሥልጠና የሚያስፈልገው ለልጅዎ ብቻ ሳይሆን ለባልደረቦቹም ነው።

ጥያቄ (እናት)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። ልጄን በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ «መድኃኒት» የሚለውን አከበበልኝ። አንድ የመድኃኒት መጋዘንም ለማነጋገር ፈቃደኛ ሆኗል። የምፈራው ድንገተኛ ለውጡን ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ዕቃ ሳይመጣ ቢቀር፣ እጁን እየነከሰ ሊጮህ ይችላል። ቤት ስለሚያደርገው አውቃለሁ። እዚያ ማን ይረዳዋል?

መልስ (የመጋዘን ኃላፊ)፦

እኔ ዘንድ ኦቲዝም ያለበት ሠራተኛ ስላለ ከተግባር ልንገርዎት። መግቢያው ላይ የዕለቱ ሥራ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። ለውጥ ካለ ከሥራ መውጫ በፊት ለነገው እንጽፈዋለን። ድንገት ከመጣ ሦስት ነገር ብቻ እንነግረዋለን፦ ምን ተለወጠ፣ ምን እንዳለ ነው፣ መቼ ይመለሳል። «መብራት የለም። ሥራህ ያው ነው። ከምሳ በኋላ እናያለን።» ይኸው ነው። በዚያን ሰዓት ማባበል፣ መክበብና ጥያቄ ማብዛት ያባብሰዋል። ሰው ዘወር ብሎለት ጸጥ ያለ ክፍል መግባት ከቻለ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይረጋጋል። ይህን የተለመደ ቁጣ ወይም አመፅ አድርጎ የሚቀጣ አለቃ ካለ፣ ያ ቦታ ለልጅዎ አይሆንም።

ልጅዎ ሲቸገር ሄዶ የሚጠይቀው ሰው በስም የታወቀ ይሁን፤ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ፈቃድ ሲወጣ ሌላው እንዲኖር። ስለ ደኅንነት ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ለጫጫታው ብለው ጆሮ መሸፈኛ ይሰጡታል፤ የዕቃ ማንሻ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ማስጠንቀቂያም አብሮ ይሸፍንበታል። እኛ መሸፈኛውን የሚያደርገው መኪናው በማይገባባቸው መተላለፊያዎች ብቻ እንዲሆን አድርገን፣ ወለሉ ላይ የማይሻገረውን ቢጫ መስመር ቀባን። መስመሩን ከማንም በላይ የሚያከብረው እርሱ ነው፤ ሌሎቹንም ይገሥጻል።

መልስ (ታላቅ እህት)፦

ወንድሜ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ካየሁት ልጨምር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤት ሲመለስ ባሰበት፤ ሥራው አልተስማማውም ብለን ልናስወጣው ነበር። ለካ ቀኑን ሙሉ ራሱን ይዞ ውሎ ቤት ሲገባ ነው የሚፈታው። ሰዓቱን በግማሽ ቀን ጀምሩለት፤ ሲመለስ እንግዳም ጥያቄም አይጠብቀው። መንገዱንም እንደ ሥራው አስተምሩት፤ አውቶቡሱ ቢቀር ምን እንደሚያደርግ ጭምር ተጽፎለት በኪሱ ይያዝ።

ወላጆች ደግሞ ስብሰባችሁን ሥራ ሲገኝ አትበትኑት። ተራ ግቡ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ያድርስ። ወንድም እህቶችን፣ ጎረቤትን፣ ከባልደረቦቹ አንዱን አስገቡበት። ከእናትና ከአባት በኋላ ማን እንዳለ ገና ጤነኛ ሳላችሁ መነጋገር ያስፈልጋል፤ እኛ ቤት ይህ ወሬ የተጀመረው አባታችን ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው።

ጥያቄ (እናት)፦

የመጋዘኑ ኃላፊ «ስለ ልጅዎ አንድ ገጽ ጽፈው አምጡልኝ» አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ (የሥራ ድጋፍ ባለሙያ)፦

የሕክምና ማስረጃውን አይገልብጡበት። ከችሎታው ይጀምሩ፣ በእርሱ አንደበት ይጻፉት። እንዲህ ዓይነት ነገር፦

«ቀኖችን አንብቤ ዕቃ በቅደም ተከተል እደረድራለሁ። ሥራዬን በጽሑፍ ወይም በሥዕል ስትሰጡኝ በደንብ እሠራለሁ። ስታናግሩኝ አጭር አድርጉት፤ ለመመለስ ጊዜ ስጡኝ። ዓይናችሁን ባላይም እየሰማሁ ነው። ድምፅ ሲበዛብኝ ቀይ ካርድ አሳያችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ጸጥ ወዳለው ክፍል እሄዳለሁ፣ ስረጋጋ እመለሳለሁ። ሳትነግሩኝ ከኋላዬ አትንኩኝ። ለውጥ ካለ አስቀድማችሁ ጻፉልኝ።»

ጽፈው ሲጨርሱ መጀመሪያ ለልጅዎ ይስጡት። ካልተስማማበት ይሰርዝ፤ የጎደለ ካለ ይጨምር። ለማን እንደሚታይም እርሱ ይወስን።