አባባ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ወፈሩብን፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። አባባ አምና በካንሰር ምክንያት ፕሮስቴታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ያኔ ፒኤስኤው (ከፕሮስቴት የሚመነጭ፣ በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን) በምርመራ የማይታይ ሆኖ ነበር። አሁን 0.1 አለ። ሐኪሙ «ካንሰሩ ተመለሰ የሚባለው ፒኤስኤው 0.2 ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው» ብሎ ቀጠሮ ሰጠን። ሚዛን ላይ ካወጣቸው በኋላ ግን «ክብደት ይቀንሱ» አላቸው።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ከመንዝ የሚመጣ ጠያቂ ሁሉ ቅቤና ሙክት ይዞ ነው። እማዬ ጠዋት ጠዋት የገንፎውን መሀል ጎድጉዳ ቅቤ ትሞላዋለች። ሆዳቸው ቀበቶ አልፎ ወጥቷል፤ ጋቢ ሲደርቡ ደግሞ አይታይም። «ካንሰር ቢኖር ያከሳው ነበር፤ ይኸው አምሮበታል» ትለኛለች። በኛ አገር የሚታዘነው ለከሳ ነው፤ በምን አፌ ልከራከር?

ያነበብኩት ሌላ ነው። ወፍራም ሰው ላይ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ክብደት መቀነስ ያስቀረዋል የሚል ቁርጥ ያለ ማስረጃ ግን የለም። የባሰው ደግሞ፣ ወፍራም ሰው ደሙ ስለሚበዛ ፒኤስኤው ተበርዞ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። የአባባ 0.1 በእርግጥ 0.1 ነው?

ወላጁን በዚህ ያሳለፈ ካለ፣ ቤተሰቡን እንዴት አሳመናችሁ? በጾም እንኳ ድፎውና ጠላው አይቀርም። በእግር ይሂዱ ብንል «ሽንት ያመልጠኛል» ብለው ያፍራሉ። ለዚህስ ምን ረዳችሁ?