ጥቆማ፦ ለትምህርት ቤት የሥነ ፈለክ ክበብ ምን ይገዛ? ከማንስ ጋር ይሠራ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ የሥነ ፈለክ ክበብ ለማቋቋም አስበን ወደ አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች ተመዝግበዋል፤ ወላጆችም መጠነኛ ገንዘብ አዋጥተዋል። ገንዘቡን አጠራቅመን አንድ ጥሩ ቴሌስኮፕ ብንገዛ ይሻላል ወይስ ሌላ የምትመክሩን አለ? ተማሪዎቹን እንጦጦ ወደሚገኘው ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ተቋም) ወስዶ ማስጎብኘትስ ወጪውን ያዋጣል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክበብ የምልከታ ምሽቶችን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ የምጠቁምዎ ለአርባ ሰው ሰልፍ የሚሆነውን ነው። ለግል የሚገዛ መሣሪያ ለክበብ ላይሆን ይችላል።

ቅድሚያ የምሰጠው ለባይኖኩላር ነው። «10×50» ወይም «7×50» የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ፤ የፊተኛው ቁጥር የማጉላት አቅሙን፣ የኋለኛው ደግሞ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። በአንድ ደህና ቴሌስኮፕ ዋጋ ሁለት ሦስት ባይኖኩላር ማግኘት ከተቻለ፣ ሁለት ሦስት ተማሪ በአንድ ጊዜ ያያል ማለት ነው። ክርንን በአጥር ወይም በወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፎ ለያዘው የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎችና የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ያሳያል። ገበያ ላይ ግን ሌንሱ እንደ ቀይ መስታወት የሚያብለጨልጭና «20–180×100» የሚል የተለጠፈበት ዕቃ ቢያጋጥምዎ ይለፉት። ሻጩ ፊት ሩቅ ያለ የቴሌኮም ማማ ላይ አነጣጥረው ይሞክሩ፤ ማማው ሁለት ሆኖ ከታየ የሁለቱ በርሜሎች አቅጣጫ ተዛብቷልና ቢያረክሱልዎም አይግዙት።

ወደ ቴሌስኮፕ ስንመጣ፣ በብዛት የሚገኘው ባለ 70 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ ሊያዩ ይችላሉ። ቁጥሩ የተገኘው 700 ሚሊሜትር የሆነውን የትኩረት ርዝመት (ከፊት ሌንሱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለውን ርቀት) ለ4 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ (ዓይን የሚጠጋበት ትንሽ ሌንስ) አካፍሎ፣ ውጤቱን ማጉላትን በሚያባዛ ባርሎው በተባለ ተጨማሪ ሌንስ ሦስት እጥፍ በማድረግ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ምስሉ ግን ጭጋግ ብቻ ይሆናል፤ ምክንያቱም 70 ሚሊሜትር ሌንስ ከ140 ጊዜ በላይ ቢያጎላ ተጨማሪ ዝርዝር ማሳየት አይችልም። በ25 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ የሚያሳየው 28 ጊዜ የጎላ ምስል የሳተርንን ቀለበት ለመለየት ይበቃል። ይልቅ የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ዋነኛ ድክመቱ መቆሚያው ነው፤ ቀጫጭን የአሉሚኒየም እግሮቹ በነካኩት ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ፣ አርባ ተማሪ ደግሞ አርባ ጊዜ ይነካዋል።

ገንዘቡ ከፈቀደ ምርጫዬ ባለ 150 ሚሊሜትር መስታወት ዶብሶኒያን ነው፤ ይህም በሌንስ ፈንታ በመስታወት ብርሃን የሚሰበስብና በቀላል መቀመጫ ላይ በእጅ የሚዞር ቴሌስኮፕ ነው። ከ70ው ጋር ሲነጻጸር ከአራት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ መቀመጫውም መሬት ላይ የሚያርፍ የእንጨት ሳጥን ስለሆነ አይንቀጠቀጥም። ሳጥኑን ከኮምፔርሳቶ የሚሠራ ደህና አናጢ ደብረ ብርሃን አይጠፋምና፣ ቱቦውንና መስታወቱን ብቻ ማስመጣት ሌላው አማራጭ ነው። ለሰልፍ ሲጠቀሙበት ትንሹን ማጉሊያ ይምረጡ። ምድር ስለምትዞር ጁፒተር በ120 ማጉሊያ ከዳር እስከ ዳር አልፎ ለመጥፋት ሁለት ደቂቃ እንኳን አይፈጅበትም፤ በ48 ግን አራት ደቂቃ ያህል ስለሚቆይ ሦስት አራት ልጅ ተራ በተራ ሊያይ ይችላል።

«ኢኳቶሪያል» የሚባለውን፣ የሰማይን ዙረት ተከትሎ እንዲዞር የተሠራውን ባለ ክብደት መቆሚያ ግን ለእኛ አገር አልመክርም። መቆሚያው ዘንጉን በሰሜን ኮከብ ላይ ማነጣጠር ይፈልጋል፤ ይህች ኮከብ ከደብረ ብርሃን የምትታየው ከአድማስ ወደ አሥር ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ኮረብታ ወይም ባሕር ዛፍ ይጋርዳታል። ዘንጉም ያን ያህል ሲያዘነብል የአንዳንዶቹ የሚዛን ብረት ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው ቢያሞግስልዎ እሱ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰማይ ነው። በዚያው ልክ፣ ለ40 ዲግሪ ኬክሮስ የታተመ ተሽከርካሪ የኮከብ ካርታም አይግዙ፤ ስቴላሪየም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ የደብረ ብርሃንን ሰማይ በትክክል ያሳይዎታል።

እንጦጦን በተመለከተ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ኦብዘርቫቶሪ የአንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ሆኖም የተሠራው ለምርምር ስለሆነ፣ ልጆቹ ትልቅ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት እንጂ በዓይናቸው ሰማይ ለማየት ብለው አይውሰዷቸው። ከሄዱም ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አስቀድመው ደብዳቤ ይጻፉ። ለምልከታ ከሆነ የአውቶቡሱን ኪራይ ቆጥበው ከከተማው ወጣ ብሎ በአንኮበር መንገድ ላይ ያለ ጨለማ ሜዳ ይፈልጉ፤ ከእንጦጦ ሥር እንደተኛችው አዲስ አበባ ያለ የብርሃን ጎርፍ እዚያ የለባችሁም። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግን ቀልድ ስላልሆነ ጋቢና ትኩስ ሻይ ከመሣሪያው እኩል ይታሰብበት።

ለድጋፍ ቀድመው ሊያነጋግሩ የሚገባዎት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተ ሲሆን በትምህርት ቤቶች ክበባትን፣ በዩኒቨርሲቲዎችም ቅርንጫፎችን ሲያደራጅ ቆይቷል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍልም ቅርብዎ ነው፤ እኔ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር፤ ምክንያቱም መሣሪያ ከሚያዋስ ድርጅት ይልቅ በየወሩ ሊመጣ የሚችል አንድ መምህር ለክበብ ይጠቅማል።

ለመጀመሪያው ምሽት አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በኢትዮጵያ ስም አንዲትን ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያዋ የምትዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ብሎ ሰይሟል። ፕላኔቷ አትታይም፤ ኮከቧ ግን በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ስላለች በኅዳር ምሽት ከፍ ብላ በባይኖኩላር ልትታይ ትችላለች። ተማሪዎች ከሳተርን ባልተናነሰ ስለ እሷ ይጠይቃሉ።

ሌላ ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ጅዳ ነው፤ ለታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት ባይኖኩላር ይዤ ለመምጣት አስቤያለሁ። የፀሐይ ግርዶሽ መነፅርስ ላምጣ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ባይኖኩላር ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ኤርፖርት ላይ ሊያስይዝ ስለሚችል፣ ትምህርት ቤቱ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ አድርጊና ጉምሩክን አስቀድመሽ ጠይቂ። ስትገዢም እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አብረሽ ያዢ፤ በክረምት በካርቶን ውስጥ የተረሳ ሌንስ ሻጋታ ያወጣል።

መነፅሩን በሚመለከት፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ሙሉ ግርዶሽ በጅዳ ላይ ስለሚያልፍ ከምንም በላይ ለራስሽ ያስፈልግሻል። ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ብቻ የሚታይ ሲሆን፣ ወቅቱ ክረምት ስለሆነ ደመናው እንደ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የላሊበላ የቀለበት ግርዶሽ ቀን ዕድል መስጠቱ አጠራጣሪ ነው። ቢሆንም አምጪ። «አይ ኤስ ኦ 12312-2» የሚል ምልክት ያለበትን፣ ያልተጫረና ያልተቀደደውን ብቻ ውሰጂ፤ አድርገሽው የቤት መብራት ከታየሽ አይረባም። ከርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣውንና በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመደውን ትንሽ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ ግን ከሳጥኑ አውጥተሽ ጣዪው፤ ሙቀቱ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ዓይን ያጠፋል። የቴሌስኮፕ የፀሐይ ማጣሪያ የሚገጠመው ከፊት፣ በቱቦው አፍ ላይ ብቻ ነው።